ምዕራፍ ሰባት፦ የሳሳ አየር፣ የቀዘቀዘ ክፍል፤ በደጋ አገር ለአንድ ኮምፒውተር ስንት ራዲያተር ይበቃል?

በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ዕቃው ተመርጦ በእጅ ሲገጣጠም ከሚነሡት ጥያቄዎች መካከል በሒሳብ ሊመለስ የሚችለው፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በግምት የሚታለፈው፣ የራዲያተሩ ብዛት ነው። በገጣጣሚዎች ዘንድ የቆየው ምክር ለእያንዳንዱ ሙቀት አመንጪ ክፍል የ120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚሸከም አንድ ራዲያተር፣ በዚያም ላይ አንድ ተጨማሪ ይያዝ የሚል ሲሆን፣ ይህ ምክር ሁለት ነገሮችን ሳይጠይቅ ያልፋል። አንዱ ክፍል 65 ዋት ሲያመነጭ ሌላው 450 ዋት ሊያመነጭ እንደሚችል አይጠይቅም፤ ሙቀቱን የሚቀበለው አየር በባሕር ዳርቻና በደጋ አገር አንድ ዓይነት እንዳልሆነም አይጠይቅም።

የደብረ ማርቆስ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ በሚዘረጋው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የአካባቢው አየር ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ለራዲያተር ሥራ የተሻለ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚገናኙ፣ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል፣ በዚህም መሠረት የራዲያተሩ ቁጥር ከልማድ ሳይሆን ከቦታው እንዴት እንደሚገኝ ነው።

የሙቀቱ ጉዞ

ኮምፒውተር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በሙሉ ለማለት በሚያስችል መጠን በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 200 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር 200 ዋት ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው፤ ይህም ሙቀት ከጥፍር ብዙም በማይበልጥ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ተከማችቶ ስለሚወጣ ቶሎ ካልተወሰደ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በውሃ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ውስጥ ሙቀቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ከፕሮሰሰሩ ጋር ተጣብቆ የሚታሰረው፣ ውስጡ በቀጫጭን መስመሮች የተቦረቦረ የመዳብ ብሎክ ነው። ውሃው በእነዚህ መስመሮች መካከል እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ፓምፑ በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይገፋዋል፣ ራዲያተሩም በጠፍጣፋ ቱቦዎቹና በቱቦዎቹ መካከል በተደረደሩት ስስ የብረት ክንፎች አማካኝነት ሙቀቱን ፋን ለሚነፍሰው አየር ያስረክባል።

መንገዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው የአይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 91 በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ የሆነው አይቢኤም 3081 ደግሞ በርካታ ቺፖችን በአንድ እሽግ ይዞ ሙቀታቸውን በውሃ የሚያስወጣ ልዩ አካል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2004 አፕል ፓወር ማክ ጂ5 የተባለውን የጠረጴዛ ኮምፒውተሩን በፈሳሽ ማቀዝቀዣ ሠርቶ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ለትላልቅ ማሽኖች ብቻ የነበረው ዘዴ ወደ ግለሰብ ጠረጴዛ መድረሱ በግልጽ ታየ።

ለጎጃም አንባቢ የራዲያተርን ሥራ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣው የጭነት መኪና ነው። መኪናው ከወንዙ ድልድይ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል፤ የሚሄደው ግን በዝግታ ስለሆነ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ትንሽ ነው፤ በሸለቆው ያለው አየር ደግሞ ሞቃት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ብዙ፣ የሚያልፈው አየር ጥቂት፣ በውሃውና በአየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጠባብ ሲሆን የውሃው ሙቀት ይወጣል፤ ሹፌሩም ዳር ይዞ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል። የኮምፒውተር ራዲያተርም የሚገዛው በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ነው፦ በሙቀቱ መጠን፣ በሙቀት ልዩነቱና በሚያልፈው አየር።

የሙቀቱ መጠን

ስሌቱ የሚጀምረው በውሃ የሚቀዘቅዙትን ክፍሎች ዋት በመደመር ነው። በኃይል ማከፋፈያው ወይም በተለምዶ ፓወር ሰፕላይ በሚባለው ዕቃ ላይ የተጻፈው 850 ወይም 1,000 ዋት ዕቃው ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን ሙቀት ስለማይናገር ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። በፕሮሰሰሩ ማሸጊያ ላይ የሚታየው ቁጥርም ሁልጊዜ የመጨረሻው ጣሪያ አይደለም፤ ለምሳሌ የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ 170 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም በሙሉ ሥራ ላይ እስከ 230 ዋት ሊወስድ ይፈቀድለታል፣ የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ደግሞ እስከ 253 ዋት ይደርሳል። ከግራፊክስ ካርዶች የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ጣሪያ 450 ዋት፣ ተከታዩ 5090 ደግሞ 575 ዋት ነው።

ሁለቱ ዋና ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይላቸውን የሚያወጡበት ሥራ ጥቂት መሆኑም ይታሰባል። ጨዋታ ግራፊክስ ካርዱን ሲያደክም ፕሮሰሰሩን በመጠኑ ብቻ ያሠራል፤ የሒሳብ ሞዴል ማሠልጠን ወይም የረጅም ቪዲዮ ቅንብር ግን ሁለቱንም ለሰዓታት ሊያሠራ ይችላል። በዚህ ምዕራፍ ለምሳሌነት የተወሰደው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ 200፣ ግራፊክስ ካርዱ 450፣ ፓምፑ 20 ዋት የሚያወጣ ሲሆን፣ ድምሩ 670 ዋት ነው። ይህ ከፍ ካሉት ማሽኖች ወገን የሚመደብ ነው፤ ለእርሱ የሚበቃው ራዲያተር ከእርሱ በታች ላሉት ሁሉ ይበቃል።

የውሃው ሙቀት ጣሪያ

ራዲያተር ውሃን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም፤ ሥራው ውሃው ከክፍሉ አየር በላይ የሚሞቅበትን ልክ መወሰን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ውሃው እስከ ስንት ዲግሪ ቢሞቅ ጉዳት የለውም የሚለው ይሆናል። በእነዚህ ሥርዓቶች በብዛት የሚገቡት ፓምፖች የተፈቀደላቸው የውሃ ሙቀት እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ፔትጂ የሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦም በዚሁ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ጥንቁቅ ገጣጣሚ ውሃው ከ45 ዲግሪ እንዳያልፍ አድርጎ ያቅዳል።

በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ሥጋት ሊፈጥር ይችላል። ይሁን እንጂ የኮምፒውተሩ ውሃ ከ60 ዲግሪ በታች መቆየት ስላለበት የመፍያው ነጥብ በስምንት ዲግሪ መውረዱ ለራዲያተሩ ምርጫ ምንም የሚለውጠው ነገር የለም። ከፍታው በሥራው የሚገባው በውሃው ሳይሆን በአየሩ በኩል ነው።

የውሃ ማጠራቀሚያውን ማተለቅም ራዲያተርን አይተካም። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ያስፈልጋል፤ የምሳሌው ኮምፒውተር በየሴኮንዱ 670 ጁል ስለሚያወጣ ራዲያተር ባይኖር አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ደቂቃ ገደማ በ10 ዲግሪ ይሞቃል። ተጨማሪ ውሃ የሚሰጠው የጥቂት ደቂቃ ፋታ ነው፤ ሥራው ለሰዓታት ሲዘልቅ ውሃው የሚያርፍበትን ሙቀት የሚወስነው ራዲያተሩ ብቻ ነው።

ከፍታው የሚወስደው

የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል 1,013 ሄክቶፓስካል የሆነው ግፊት በደብረ ማርቆስ ወደ 750 ይወርዳል። በዚህም ምክንያት በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን በደብረ ማርቆስ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። አየር ሙቀት የሚሸከመው በክብደቱ ልክ ስለሆነ፣ ፋን ደግሞ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር በሁለቱም ቦታ ተመሳሳይ መጠነ ይዘት ያለው አየር ስለሚገፋ፣ በደጋው ላይ የሚዞር ፋን በባሕር ዳርቻ ከሚዞረው አቻው ሩብ ያህል ያነሰ የአየር ክብደት ያሳልፋል።

ከዚህ ተነሥቶ የራዲያተሩ አቅም በሩብ ይቀንሳል ብሎ መደምደም ግን ትክክል አይሆንም። አየሩ ጥቂት ሲሆን በክንፎቹ መካከል ሲያልፍ ይበልጥ ሞቆ፣ ወደ ውሃው ሙቀት ይበልጥ ተጠግቶ ይወጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም አየር በባሕር ወለል ከሚወስደው የበለጠ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የአየሩ ክብደት በሩብ ቢቀንስም የራዲያተሩ አቅም የሚቀንሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ባለው መካከል ነው፤ ለዕቅድ ሥራ 20 በመቶ ብሎ መያዝ ያስኬዳል።

ይህ የመሐንዲሶች የታወቀ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማዘዋወሪያ መሐንዲሶች ማኅበር ለመረጃ ማዕከላት ባወጣው መመሪያ፣ ለብዙ ሰርቨሮች የተፈቀደው የክፍል ሙቀት ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። በዚህ ስሌት በባሕር ወለል እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት የሰርቨር ክፍል በደብረ ማርቆስ ከፍታ ከ30 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ለሰርቨር የተቀመጠው ይህ ጥንቃቄ ለጠረጴዛ ኮምፒውተርም ምክንያቱ አንድ ነው።

ከፍታው የወሰደውን በፋን ፍጥነት መመለስም ይቻላል። በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ፋን በደብረ ማርቆስ በባሕር ወለል የነበረውን የአየር ክብደት ለማሳለፍ 1,600 ጊዜ ገደማ መዞር ይኖርበታል። ትርፉ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ፋኑ ይበልጥ ይደክማል፣ አቧራም ቶሎ ይከማቻል። ስለዚህ በደጋ አገር ተጨማሪ ራዲያተር መግዛትና ፋን ማፍጠን አንዱ ሌላውን የሚተካ ምርጫ ነው።

ቅዝቃዜው የሚመልሰው

የደብረ ማርቆስ ዓመታዊ አማካይ የሙቀት መጠን 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከክረምቱ መግቢያ በፊት ባሉት ሞቃት ወራት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ቀኑም ቢሆን ብርድ አለው። በተለመደ ቀን የአንድ ክፍል ውስጣዊ ሙቀት 22 ዲግሪ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል። ለጥንቃቄ ደግሞ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ በበጋ ቀትር ክፍሉን ስለሚያግል፣ ኮምፒውተሩም የሚያወጣው ሙቀት በዚያው ክፍል ስለሚቀር፣ ከባዱን ቀን 28 ዲግሪ አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው።

የዚህ ቅዝቃዜ ዋጋ የሚታወቀው ከቆላ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ነው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከደብረ ማርቆስ አየር የከበደ ነው፤ ራዲያተሩም በዚያ የተሻለ ይሠራል። ነገር ግን በሞቃት ወራት የክፍሉ ሙቀት 34 ዲግሪ ከሆነ፣ ውሃው ከ45 ዲግሪ እንዳያልፍ ለራዲያተሩ የሚቀረው ልዩነት 11 ዲግሪ ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስ በተለመደ ቀን 23 ዲግሪ፣ በከባዱ ቀንም 17 ዲግሪ ይቀረዋል። ራዲያተር የሚያስወጣው ሙቀት ከዚህ ልዩነት ጋር እኩል ስለሚያድግ፣ ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ራዲያተር በግማሽ ይቀንሳል። ከፍታው 20 በመቶ ይወስዳል፤ ቅዝቃዜው ከዚያ አብልጦ ይመልሳል።

ሒሳቡ

የራዲያተር መጠን የሚነገረው በሚሸከማቸው ፋኖች ነው፤ 240 የሚባለው ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋኖችን፣ 360 የሚባለው ሦስት፣ 480 የሚባለው አራት ፋኖችን ይይዛል። ስለዚህ "ስንት ራዲያተር" ከማለት በፊት "ስንት የፋን ቦታ" ብሎ መጠየቅ ይቀላል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ራዲያተር ፋኑ በደቂቃ 1,200 ወይም 1,300 ጊዜ ሲዞር፣ በባሕር ወለል፣ በውሃውና በአየሩ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት በአንድ የፋን ቦታ 10 ዋት ያህል ያስወጣል። በደብረ ማርቆስ 20 በመቶ ሲቀነስ 8 ዋት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት አጭር ነው። የፋን ቦታዎቹ ቁጥር በ8 ይባዛል፣ የኮምፒውተሩ ዋት ለውጤቱ ይካፈላል፣ የሚገኘው ቁጥር ውሃው ከክፍሉ አየር በላይ በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ያሳያል። አንድ ባለ 360 ራዲያተር ሦስት ቦታ ስላለው 24 ዋት በዲግሪ ያስወጣል፤ 670 ዋት ለ24 ሲካፈል 28 ዲግሪ ይሆናል፤ ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን ውሃው 50 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው፣ ይህም ከጣሪያው ያልፋል። ሁለት ባለ 360 ራዲያተሮች ሲሆኑ ልዩነቱ 14 ዲግሪ፣ ውሃው 36 ይሆናል፤ በ28 ዲግሪ ክፍል ውስጥም ከ42 አያልፍም። ሦስት ሲሆኑ ልዩነቱ 9 ዲግሪ ገደማ፣ አራት ሲሆኑ 7 ዲግሪ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች የሚወጣው ትምህርት የምዕራፉ እምብርት ነው። ሁለተኛው ራዲያተር ውሃውን በ14 ዲግሪ ያወርዳል፤ ሦስተኛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ አራተኛው 2 ዲግሪ ተኩል ያህል እንኳ አያወርድም። የዕቃው ዋጋ፣ የሚይዘው ቦታና የሚጨምረው መገጣጠሚያ ግን ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። በድሬዳዋ ያ ራሱ ኮምፒውተር በ34 ዲግሪ ክፍል ውስጥ በሦስት ባለ 360 ራዲያተሮች 42 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል፤ በደብረ ማርቆስ በዓመቱ ከባድ ቀን በሁለት ራዲያተሮች የሚቆምበትም ሙቀት ይኸው ነው። ስለዚህ ለ670 ዋት ኮምፒውተር የደብረ ማርቆስ ቁጥር ሁለት ነው። በድምሩ 300 ዋት ለሚያወጣ መካከለኛ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ባለ 360 ራዲያተር ልዩነቱን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሚያቆመው ሁለተኛ መግዛት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ራዲያተር ትርጉም የሚኖረው የሚፈለገው ጸጥታ ሲሆን ነው። ፋኖቹ ወደ 750 ዙር ዝቅ ሲሉ ድምፃቸው እጅግ ይቀንሳል፤ የራዲያተሩ አቅም ግን በ1,250 ዙር ከነበረው ከግማሽ ትንሽ ወደሚበልጥ መጠን ይወርዳል። ድምፅ በሚቀረጽበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ወይም ሌሊት ቤተሰቡ በተኛበት ቤት ረጅም ሥራ የሚያስኬድ ሰው ሦስተኛውን ራዲያተር ቢገዛ የሚገዛው ቅዝቃዜ ሳይሆን ዝምታ መሆኑን ዐውቆ ሊገዛ ይገባል። በፕሮሰሰሩና በውሃው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በመዳብ ብሎኩና በመካከል በሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት የሚወሰን ስለሆነ በራዲያተር ብዛት አይጠብም።

የአቀማመጡ ዋጋ

እስካሁን የቀረበው ስሌት እያንዳንዱ ራዲያተር ከክፍሉ በቀጥታ የሚገባ ቀዝቃዛ አየር ያገኛል ብሎ የተነሣ ነው። በኮምፒውተሩ ሣጥን ወይም ኬዝ ውስጥ ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። የተለመደው አቀማመጥ አንዱን ራዲያተር ከፊት አየር እንዲያስገባ፣ ሌላውን ከላይ አየር እንዲያስወጣ ማድረግ ነው። በዚህ አቀማመጥ ሁለተኛው ራዲያተር የሚደርሰው አየር መጀመሪያውን አልፎ የሞቀ አየር ነው።

ጉዳቱ በደጋው ይከፋል፤ ምክንያቱም የሳሳ አየር በተመሳሳይ ሙቀት ይበልጥ ይሞቃል። በአንድ የፋን ቦታ 100 ዋት ሲያልፍ በባሕር ወለል አየሩ በ5 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ በደብረ ማርቆስ ወደ 7 ዲግሪ ይጠጋል። የፊተኛው ራዲያተር አየር በሙሉ ወደ ሁለተኛው ከሄደ፣ ሁለተኛው ከአቅሙ ከግማሽ በታች ብቻ ይሠራል፤ የውሃው ልዩነትም ከ14 ወደ 19 ዲግሪ ይወጣል። በ28 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ውሃው 47 ይሆናል፤ ይህም ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ ነው። መፍትሔው ሦስተኛ ራዲያተር መጨመር ሳይሆን ሁለቱም ራዲያተሮች ከውጭ አየር እንዲያስገቡ ፋኖቹን ማዞር፣ የሞቀው አየርም በኋላ በኩል በሰፊው እንዲወጣ መንገድ መተው ነው። ይህ ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚገኝ 5 ዲግሪ ነው።

የራዲያተሮቹ ቅደም ተከተል በውሃው መንገድ ላይ ግን ብዙም የሚያሳስብ አይደለም። በደቂቃ 4 ሊትር ውሃ ሲዞር 670 ዋት ውሃውን በአንድ ዙር የሚያሞቀው በ2 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ከፕሮሰሰሩ በኋላ ወደ ራዲያተር ቢገባ ወይም መጀመሪያ በግራፊክስ ካርዱ ቢያልፍ በውጤቱ ላይ የሚታየው ልዩነት ትንሽ ነው። ገጣጣሚው ቱቦው አጭርና ያልተጠማዘዘ የሚሆንበትን መንገድ ቢመርጥ ይበልጥ ይጠቀማል።

ሙቀቱ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ የሚገባው ወደ ክፍሉ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። አንድም ራዲያተር ይሁን አራት፣ 670 ዋቱ በክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የአየሩ ሙቀት ሲወጣ የውሃውም ሙቀት በዚያው ልክ ይወጣል። የደብረ ማርቆስ የውጭ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ አየር የቀዘቀዘ ስለሆነ፣ መስኮት መክፈት በዚህ ከተማ የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ አካል ነው።

አቧራ፣ ብረትና መገጣጠሚያ

በሒሳብ የተገኘው ቁጥር በጊዜ ብዛት እንዳይበላሽ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው አቧራ ነው። በጎጃም ደጋ ከክረምቱ መውጫ በኋላ መሬቱ ይደርቃል፣ በመኸር ወቅት የጤፍና የስንዴ ውቂያ ገለባና ትቢያ ያስነሣል፣ ያልተነጠፈ መንገድም የበኩሉን ይጨምራል። በአንድ ኢንች ውስጥ ከ20 በላይ ክንፎች የተደረደሩበት ራዲያተር ይህን አቧራ ቶሎ ይይዛል፤ አቧራ የያዘ ራዲያተርም አየር ስለማያሳልፍ አቅሙ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ኢንች ከ10 እስከ 16 ክንፍ ያለውን መምረጥ፣ በፋኖቹ ፊት የሚታጠብ ማጣሪያ ማድረግ፣ በበጋው ወራት ደጋግሞ ማጽዳት የራዲያተር ቁጥር ከመጨመር ይሻላል።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። ጥሩ የሚባሉት ራዲያተሮች ከመዳብና ከነሐስ የሚሠሩ ሲሆን፣ ርካሽ የሆኑት አንዳንዶች ከአልሙኒየም ይሠራሉ። አልሙኒየምና መዳብ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ በመካከላቸው በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ግንኙነት አልሙኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ራዲያተሩ ያፈሳል። ብሎኩ መዳብ ከሆነ ራዲያተሩም ከመዳብና ከነሐስ ብቻ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን በብሎኩ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ስለሚጋገር አይገባም፤ የሚገባው የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ፣ ዝገትንና አልጌን ከሚከላከል ቅመም ጋር ነው።

ሦስተኛው መገጣጠሚያው ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ራዲያተር ቢያንስ ሁለት መገጣጠሚያዎችን ይዞ ይመጣል፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውሃ ሊያፈስ የሚችልበት ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ራዲያተርም ፓምፑ የሚገፋውን ውሃ በመጠኑ ያዘገያል። የእነዚህ ዕቃዎች መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ አገር ተጠይቆ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ ከተማ አንዲት የላስቲክ ቀለበት ብትበላሽ ኮምፒውተሩ ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። ይህም ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ ላለመሄድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ስሌቱን በልኬት ማረጋገጥ

በዚህ ምዕራፍ የተያዘው 8 ዋት በዲግሪ የሚለው ቁጥር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የራዲያተሩ ውፍረት፣ የፋኑ ዓይነትና የኬዙ አየር መንገድ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። እውነተኛው ቁጥር በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ ይለካል። በውሃው መንገድ ላይ ርካሽ የሙቀት መለኪያ ይገባል፣ ሌላ መለኪያ በራዲያተሩ ፊት ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩ በሙሉ ሥራ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቆያል፣ የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ዋት ከሶፍትዌር ይነበባል። ዋቱ በሁለቱ ሙቀቶች ልዩነት ሲካፈል የሥርዓቱ አቅም ይገኛል፤ ያም በፋን ቦታዎቹ ቁጥር ሲካፈል የዚያ ራዲያተር፣ በዚያ ክፍል፣ በዚያ ከፍታ ያለው ትክክለኛ ቁጥር ይወጣል።

ይህ ልኬት ከአንድ ኮምፒውተር ያለፈ ጥቅም አለው። የራዲያተር አምራቾችና ፈታሾች የሚያወጧቸው ሰንጠረዦች በአብዛኛው የሚዘጋጁት ለባሕር ወለል በቀረቡ ከተሞች ነው፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን በብዛት የሚኖረው በደጋና በወይና ደጋ ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ቦታ ለዚህ ጥናት እጅግ ምቹ ነው፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ የተለካ አንድ ራዲያተር በመኪና ተጭኖ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዓባይ ሸለቆ ውስጥ እንደገና ሊለካ ይችላል። ተማሪዎች ይህን ሥራ ቢሠሩትና ውጤቱን በሰንጠረዥ ቢያወጡት፣ ከጎንደር እስከ ባሌ በደጋ የሚኖር ገጣጣሚ ሁሉ ከሌላ አገር ሰው ግምት ተነሥቶ ሳይሆን በአገሩ አየር ላይ ከተገኘ ቁጥር ተነሥቶ ራዲያተሩን ይመርጣል፤ ያን ጊዜ 20 በመቶ ተብሎ በዚህ ምዕራፍ የተያዘው ግምት በትክክለኛ ቁጥር ይተካል።